ቅጠል የሌለበት ክፍል

«ማነው እናንተ ቤት የሚቅመው?» አለች አስማ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ።

ታቢታ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሁለቱ የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ልጆች፣ የስምንተኛ ክፍል የአንድ ለአምስት ቡድን አባላት፣ ለሚኒስትሪ ፈተና ሒሳብ ሊያጠኑ መገናኘታቸው ነው። የታቢታ ታላቅ ወንድም ሙሴ «ሳሎን ከምትጨናነቁ የኔን ክፍል ተጠቀሙ፤ እኔ እስከ ምሳ ሰዓት ባጃጅ ላይ ነኝ» ብሎ የጓሮዋን ክፍል ቁልፍ ሰጥቷት ሄዷል። እንዲህ ያለ ደግ ወንድም ያላት ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ትጠየቃለች ብላ አልጠበቀችም።

«ማንም አይቅምም» አለች። «የጸሎት ክፍል ነው። ሙሴ ነው ያዘጋጀው።»

አስማ አንገቷን አስግጋ ውስጡን ቃኘችው። ፍራሹ ግድግዳውን ተጠግቶ መሬት ላይ ተነጥፏል። በግራ በኩል፣ ክርን የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ጠንካራ ትራሶች ተደራርበዋል። ከፍራሹ ፊት አጭር ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የሻይ ፔርሙዝ፣ በሰሃን ኦቾሎኒ፣ በጆግ ውሃ። መጽሐፍ ቅዱሱም አለ፣ ከፔርሙዙ ጀርባ። መጋረጃው በዚያ ሁሉ ፀሐይ ተዘግቷል።

«ቁርጥ የአጎቴ የጠሀ ክፍል ነው፣ ወላሂ» አለች አስማ እየሳቀች። «ከምሳ በኋላ ጓደኞቹ ተሰብስበው የሚቅሙበት። ትራሱ ራሱ በግራ ነው። የጎደለው ቅጠሉ ብቻ ነው።»

ከዚያ የታቢታን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠች። የሙሴን ታሪክ ታውቃለች፤ ሰፈሩም ያውቃል። «ይቅርታ፣ ሼም ነው። እኔ እንትን ብዬ አይደለም» አለች። ታቢታ «ችግር የለም» ብላ ደብተሯን ዘረጋች። የዚያን ቀን ግን አንድም እኩልታ አልፈታችም።

ሙሴ ጫት ይቅም ነበር። «ይቅም ነበር» ሲባል ቀላል ይመስላል። እንቅልፍ ላለመተኛት ብሎ የጀመረው ቅጠል መጀመሪያ ከምሳ በኋላ ነበር፣ ቀጥሎ ከምሳ በፊትም ሆነ፣ በመጨረሻ በምሳ ፋንታ ሆኖ ቁጭ አለ። ማታ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ይከተላል፤ ቢራው ሲወደድ አረቄ። የአጎታቸውን ባጃጅ ቦይ ውስጥ የከተተው በዚያ ወቅት ነው። አንድ ጊዜ በራሱ አቁሞ ቤቱ በደስታ ሊያብድ ደርሶ ነበር። ከዚያ መቼ እንደተመለሰ፣ እንዴት እንደተመለሰ ማንም አላየም። ያወቁት ሻሸመኔ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካርቶን ላይ ተኝቶ ያየው ሰው መጥቶ ሲነግራቸው ነው። እናታቸው ሽታዬ ሄዳ በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችው። ታቢታ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ የመጣውን ሰው ቀና ብላ አየችና «ማንን ፈልገው ነው?» አለችው። የገዛ ወንድሟን አንቱ ብላው ነበር። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ከዚያ በኋላ ነው ቡሹሎ ጤና ጣቢያ መሄድ የጀመረው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሲስተር ብዙነሽ የሚሰበስቧቸው፣ ከሱስ የወጡና በመውጣት ላይ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሙሴ መጀመሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ይተኛ፣ ሲነቃ ይነጫነጭ፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ የሚሉት ቅዠት እያስጮኸ ያስነሳው ነበር። ቀስ በቀስ ሰው ሆነ። ከስብሰባው ሲመለስ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር በሐይቁ ዳር ይሄድና አሞራ ገደል ጎራ ብሎ ዓሣ ገዝቶ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ለተረኛው ሹፌር ያስረክባል። እናታቸው ይጾምለት፣ ይጸለይለት ዘንድ ያላስቸገረችው የጸሎት ቡድን አልነበረም፤ እና አሁን፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ፣ ሙሴ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ምስክርነት ሊሰጥ ነው።

የወጣቶች አገልጋይ የሆነው ወንድም አለሙ ልቡ ንጹሕ፣ ድምፁ ትልቅ ሰው ነው። ምስክርነቱን ሲያስብለት እንዲህ ብሎት ነበር፤ «ጌታ ነፃ አውጥቶሃል፣ ሙሴ። ነፃ የወጣ ሰው ደግሞ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ‹እኔ ሱሰኛ ነኝ› ከሚሉ ጋር ምን ይሠራል? በአንድ አፍህ ድኛለሁ፣ በሌላው አፍህ ታምሜያለሁ ልትል ነው?» ሙሴ ነገሩ ትክክል መሰለው። እናቱም ደስ አላት። ቡሹሎ በዚያው ቀረ። የተራረፈውን ከሰዓት በኋላ ሁሉ የጓሮዋን ክፍል ማጽዳት፣ ኖራ መቀባት፣ ማንጠፍ ሆነ ሥራው። እናታቸው ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ የጸሎት ክፍል ሠራ» እያለች ትናገራለች።

ታቢታ ከቅዳሜ ጀምሮ ወንድሟን መከታተል ያዘች። ያየችው ነገር ሁሉ ሁለት ፊት ነበረው። ያፏጫል፤ ደስተኛ ሰውም ያፏጫል። ምሳ ትንሽ ሲዘገይ እግሩን ያርገበግባል፤ የራበው ሰውም ያርገበግባል። ምሳውን እንደጨረሰ ወደ ጓሮ ይሄድና በሩን ይዘጋል፤ በሩን ዘግቶ የሚጸልይ ሰው ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስም የሚያመሰግነው ነው። ማክሰኞ ዕለት ስኳር ይዛለት ገባች። በግራ ክርኑ ተደግፎ፣ አንድ እግሩን አጥፎ፣ ኦቾሎኒ እየላጠ ተቀምጧል። ጉንጩን አየችው። ባዶ ነው። «ምነው? ፊቴ ላይ ምን አለ?» አላት እየሳቀ። «ምንም» አለችና ወጣች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው እየሆነች ይሁን፣ ወይስ እውነት እባብ እያየች፣ ለራሷም አልገባት አለ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ ሙሴ ባጃጅ ላይ ሳለ ክፍሉን ፈተሸችው። ፍራሹን ገለበጠች፤ ትራሶቹን ጨመቀች፤ የጃኬቱን ኪሶች አንድ በአንድ አሸተተች። ቤንዚንና ሳንቲም ነው የሚሸቱት። ምንም የለም። ደስ ሊላት ሲገባ አልተደሰተችም፤ ጭራሽ ተናደደች፤ በምን እንደተናደደች ግን አታውቅም። ፍራሹን እንደነበረ መልሳ፣ የሰው ጓዳ እንደገባ ሌባ ተቻኩላ ወጣች።

ማታ ወጥ ቤት እናቷን ለብቻዋ አገኘቻት። «እማዬ» አለች፣ «የሙሴ ክፍል… የበርጫ ክፍል አይመስልሽም?»

እናቷ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «ምን አልሽ?»

«ቅሟል አላልኩም። ግን አቀማመጡ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉ ነገር…»

«አፍሽን ያዢ» አለች እናቷ፣ ጮክ ሳትል። «ቃል ኃይል አለው። እግዚአብሔር የዘጋውን በር አንቺ በምላስሽ አትክፈቺ። ያ ስም ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይጠራ። ሰምተሻል?»

ታቢታ ሰምታለች። ችግሩ፣ እናቷ ትክክል ብትሆንስ? ሰው የተጠረጠረበትን ነገር ይሆናል ይባላል። ዝም ካለችና ሙሴ ከወደቀ፣ እንደገና ካርቶን ላይ ሊገኝ ነው፤ ያኔ ደግሞ ያየው ሰው ላይኖር ይችላል። ከተናገረችና ካልሆነ ደግሞ፣ ተመስገን ብሎ ቀና ያለውን ሰው የሰበረችው እሷ ልትሆን ነው። የፈተናው ጥያቄ ቢያንስ አራት ምርጫ አለው፤ ይሄ ሁለት ብቻ ኖሮት ሁለቱም ስህተት ይመስላል።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ነገሩን ለአስማ ነገረቻት። አስማ «ደግሞ እኔ ነኝ ነገሩን ያመጣሁብሽ» ብላ የባጃጅ ከፍላ ቡሹሎ ድረስ አብራት ሄደች። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ግን «እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ» አለችና ሸንኮራ ገዝታ ዛፍ ሥር ቁጭ አለች።

ሲስተር ብዙነሽ ወንበሮቹን ክብ አድርገው ይደረድሩ ነበር። ሰዎቹ ገና አልመጡም።

«ሲስተር፣ የሙሴ እህት ነኝ» አለች ታቢታ።

«ውይ፣ ሙሴ ደህና ነው?»

«እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፍራሹን፣ መጋረጃውን፣ ኦቾሎኒውን፣ የእናቷን ቁጣ ሳይቀር። ሲስተር ብዙነሽ ወንበር መደርደራቸውን ትተው ሰሟት። «እሱ እዚህ ቁጭ ብሎ ያለውን አልነግርሽም፤ የራሱ ነው» አሉ። «ይሄን ግን ልንገርሽ። ሰው ወደ ሱሱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመለሰው አፉ አይደለም። ሰዓቱ ይመለሳል፣ እግሩ ይመለሳል፣ የድሮ ጓደኛው ይመለሳል። ቅጠሉ መጨረሻ ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ ተመልሷል ማለት ነው?»

«እንጃ፣ ልጄ። ፍራሽ ያነጠፈ ሁሉ ቃሚ አይደለም። እኔም ቤቴ ኦቾሎኒ እበላለሁ።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ፈትሸሻል?»

ታቢታ አንገቷን ደፋች።

«አገኘሽ?»

«ምንም።»

«ብታገኚ ይሻልሽ ነበር?»

ታቢታ «አይ» ልትል ነበር፤ ውሸት እንደሚሆን ግን ታወቃት። ይሻላት ነበር። ቢገኝ ቢያንስ ታውቅ ነበር። ወንድሟ እንዲወድቅ የፈለገች መሰላትና ዓይኗ እንባ ሞላ። ሲስተር ብዙነሽ አልገረማቸውም። «የሁሉም ቤተሰብ እንዲህ ነው» አሉ። «ኪሱን ተይው፤ እሱን ራሱን ጠይቂው። ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ። ብቻውን ከሚሆን ተቆጥቶ ከሰው ጋር ቢሆን ይሻለዋል።»

ሲመለሱ አስማ «በቃ ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለች፣ ሸንኮራዋን እየመጠጠች። ከዚያ የተናገረችው ቃል ለራሷ ተሰማትና አፏን በእጇ ያዘች። ታቢታ ሳቀች። ከቅዳሜ ወዲህ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

አርብ ለመጠየቅ አስባ ፈራች። ቅዳሜ ምሳ በልተው ሙሴ ወደ ጓሮ ሲሄድ ግን ነገ ምስክርነቱ መሆኑን አሰበችና ተከትላው ሄዳ በሩን አንኳኳች። ፍራሹ ላይ አልተቀመጠችም። ደፉ ላይ ቁጭ ብላ በሩን በጀርባዋ ገፋ አድርጋ ከፈተችው፤ ብርሃን ገባ።

«ሙሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። አትቆጣ።»

«አልቃምኩም» አለ ሙሴ።

ገና አልጠየቀችውም ነበር። ሁለቱም ይህን እኩል አስተዋሉት።

«ማነው የላከሽ? እማዬ ናት?» ድምፁ ከፍ አለ። «እናንተ መቼ ነው የምታምኑኝ? ኪሴን ስትፈትሺ የማላውቅ መሰለሽ? ጃኬቴ ተገልብጦ ነው ያገኘሁት። ታውቂያለሽ፣ እንዲህ ስጠረጠር ነው ቃም ቃም የሚለኝ።»

ይሄውና የፈራችው መጣ። ተነስታ ልትሄድ አሰበችና ተወችው። «መፈተሼ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ» አለች። «እንዳልቃምክ አምንሃለሁ። እውነቴን ነው። ክፍሉን ግን እየው፣ ሙሴ። እንደ እንግዳ ሆነህ እየው።»

ሙሴ ዙሪያውን ቃኘ። ትራሱን አየ። ፔርሙዙን አየ። በግራ ክርኑ መደገፉን ሲያይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ውጪ የጎረቤት ዶሮ ትንጫጫለች።

«ከምሳ በኋላ ሰዓቱ አይሄድም፣ ታቢ» አለ በመጨረሻ። «ሐሙስ ሲኖር፣ ስንት ቀን ቀረው እያልኩ እየቆጠርኩ አልፈው ነበር። ከቀረ በኋላ ግን… ፍራሹን እውነት ለመጸለይ ነው ያነጠፍኩት። ትራሱን በግራ አድርግ ያለኝ ግን የለም። እጄ ነው። እጄ ብቻውን ነው ያደረገው።»

«ሌላ ሰው እዚህ ይመጣል?»

«ነገ ደበሌ ይመጣል።»

ደበሌን ታቢታ ታውቀዋለች። ከሙሴ ጋር አብሮ የጀመረ፣ ከሙሴ ጋር አብሮ ያላቆመ ሰው ነው። «ልመሰክርለት ብዬ ነው» አለ ሙሴ ፈጠን ብሎ። «ከምሳ በኋላ ና፣ ስለ ጌታ እናወራለን ብዬው ነው።»

«ባዶ እጁን ነው የሚመጣው?»

ሙሴ ከሰሃኑ አንድ ኦቾሎኒ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «አልጠየቅኩትም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱ ራሱም ገና እንደሚሰማው ሆኖ፣ «እንዳይነግረኝ ብዬ ነው ያልጠየቅኩት» አለ።

«ደውለህ አትምጣ በለው።»

«ስልኩን ሸጦታል። ቤቱ ልሄድ ብነሳ ደግሞ…» አልጨረሰውም። ደበሌ ቤት በዚህ ሰዓት ምን እንደሚደረግ ሁለቱም ያውቃሉ።

ትንሽ ቆይቶ «ለእማዬ አንቺ ንገሪያት» አለ።

«ነግሬያት ነበር። ያን ስም እንዳትጠሪ አለችኝ።»

«ታዲያ እኔ በየትኛው አፌ?»

«አጠገብህ እቀመጣለሁ» አለች ታቢታ።

እናታቸው ሳሎን ውስጥ የነገውን ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። አንዱ እጅጌ አልቋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲገቡ አየቻቸው፤ አንዴ የሙሴን ፊት፣ አንዴ የታቢታን። ካውያውን ወደ ላይ አነሳች።

«ቅመሃል?» አለች።

ያን ስም በዚህ ቤት እንዳይጠራ ያለችው እሷው ነበረች። ታቢታ ተገረመች፤ ከዚያ ገባት። እናቷም ስታይ ነው የከረመችው።

«አልቃምኩም፣ እማዬ» አለ ሙሴ። «ግን ወደዚያው እየሄድኩ ነበር።»

ሽታዬ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «መጋረጃው ቀን መዘጋቱን አይቼ ነበር» አለች። «ፀሐይ በዝቶበት ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ለጎረቤት ሁሉ የጸሎት ክፍል እያልኩ…» አላለቀሰችም፤ መቀነቷን ፈታ መልሳ አጠበቀችው። «ነገስ እንዴት ይሆናል? ወንድም አለሙ ስምህን አስነግሯል። ምን ብለህ ነው የምትቆመው?»

«እንጃ» አለ ሙሴ። «ነፃ ወጣሁ ብል ይሄ ክፍል አለ። አልወጣሁም ብል ደግሞ ያሳለፍኩት ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። ልቁም ልቅር፣ አላወቅኩም።»

እናታቸው ወደ ታቢታ ዞረች። ልጅን እንደማዘዝ ሳይሆን እንደመጠየቅ ነበር አስተያየቷ፤ ታቢታ እንዲህ ታይታ አታውቅም። መልስ ቢኖራት ደስ ይላት ነበር። አንድ ነገር ግን እንደምታውቅ ታወቃት።

«የምስክርነቱን እኔም አላውቅም» አለች። «ነገ ከምሳ በኋላ ግን ሙሴ እዚህ ካንቺ ጋር ይቀመጣል። ደበሌን እኔ እቀበለዋለሁ።»

«ምን ልትይው?» አለ ሙሴ።

«ሙሴ ዛሬ አይገኝም እለዋለሁ። ሐሙስ ቡሹሎ ና እለዋለሁ።»

ሙሴ ያልተተኮሰውን የሸሚዙን እጅጌ በሁለት ጣቱ ያዘ። እናቱ አልከለከለችም፤ ሐሙስን ያስቀረው ወንድም አለሙ ደግሞ በዚያች ሰዓት ሳሎኑ ውስጥ አልነበረም።

«እኔም ሐሙስ እዚያ አለሁ በይው» አለ።